ሁለቱ የጅቡቲ ጨረቃዎች

የጅቡቲ ከተማ በባሕርና በበረሃ መካከል የተቀመጠች፥ ዝናብ አልፎ አልፎ ብቻ የሚጎበኛት ከተማ ናት። ከተማዪቱን አቋርጦ ወደ ባሕር የሚወርደው የአምቡሊ ወንዝም አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው። ዳሩ ግን ከበላዩ ባለው ተራራማ አገር ኀይለኛ ዝናብ ሲጥል በድንገት ይሞላል። በ1996 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር የወረደው ጎርፍ ከ50 የማያንሱ ሰዎችን ሕይወት አጥፍቷል።

እንግዲህ በሩቅ የወረደው ዝናብ በከተማ ላለው ሹም በምን ይነገረው? የዝናብና የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያ መሣሪያዎች በየበረሃው ቢተከሉም፥ የመዘገቡትን ሰው ሄዶ እስኪያመጣው ድረስ ወሬው ያረጃል። ስለዚህ የጅቡቲ መንግሥት ወሬውን ከሰማይ ለመሰብሰብ ቆረጠ።

ለዚህም ጉዳይ የጅቡቲ ወጣት መሐንዲሶችና ቴክኒሻኖች በፈረንሳይ አገር በሞንፔልዬ ዩኒቨርሲቲ የጠፈር ማእከል ሠለጠኑ፤ በእጅ የሚያዙ ሁለት ትንንሽ ሳተላይቶች፥ ማለት ሰው ሠራሽ ጨረቃዎች፥ በዚያ ተዘጋጁ። የዚህ ዓይነቱ ዝግጅት ብዙ ትዕግሥት ይጠይቃል። እንዲህ ያለች ትንሽ ሳተላይት አንድ ጊዜ ከወጣች በኋላ ብትበላሽ የሚጠግናት የለምና፥ በምድር ሳለች የሮኬቱን መንቀጥቀጥ ትችል እንደ ሆነ በመሣሪያ ትናወጣለች፤ አየር በሌለበት ክፍልም ገብታ በብርድና በሙቀት ትፈተናለች።

የመጀመሪያዪቱ፥ ጅቡቲ 1ኤ የተባለችው፥ ኅዳር 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ከአሜሪካ አገር ከካሊፎርኒያ በፋልከን 9 ሮኬት ወጣች። ጅቡቲ 1ቢም ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ተከተለቻት። የእኛም አገር የመጀመሪያ ሳተላይት ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና መውጣቷ ይታወሳል።

አንዲቱ ካለች ሁለተኛዪቱ ለምን አስፈለገች ያሉ እንደ ሆነ ምክንያቱ ይህ ነው። ሳተላይቷ ምድርን በአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ትዞራለች፤ ነገር ግን ምድርም ከሥሯ ስለምትሽከረከር፥ በጅቡቲ ሰማይ የምታልፈው በቀን ጥቂት ጊዜ፥ የምትቆየውም ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ጓደኛ ስትጨመርላት የመጠበቂያው ጊዜ ያጥራል። ታላላቅ መንግሥታት ተባብረው ከ1991 ዓ.ም. ጀምሮ በጠፈር ያቆሙት ጣቢያም ክፍል በክፍል እየተቀጠለ ነው ያደገው፤ ትንሹም ሥራ የሚያድገው በዚሁ መንገድ ነው።

ሆኖም ሰማይ ወሬ ቢልክ፥ ፈጥኖ የሚሰማ ሹምና ለጎረቤቱ የሚያደርስ ቤተሰብ በምድር ካልተገኘ ጥቅም የለውም። በወንዝ ዳር የምትኖር እናት ልጆቿን ይዛ ከፍ ወዳለ ስፍራ ለመውጣት የሚያስፈልጋት ጥቂት ጊዜ ነው። የዚህ ሁሉ ድካም ዋጋም የሚታየው ያን ጥቂት ጊዜ ያገኘች እንደ ሆነ ነው።