ገዳዩ ገና ከጅምሩ የሚታወቅበት ማንጋ

አንዲት ቱርካዊት በሆስፒታል ውስጥ አንድ ወጣት ሐኪም ላይ ታለቅሳለች። ቀድሞ የመጣው የጉልበት ሠራተኛው ባሏ ነበር። ሐኪሙ ግን አለቆቹ አዘውት ኋላ የደረሰውን የኦፔራ ዘፋኝ ቀዶ አዳነ፤ ባሏ ሞተ። እኛ ቀድመን አልመጣንም ወይ ነው የምትለው።

የጃፓናዊው ደራሲ ናኦኪ ኡራሳዋ ማንጋ (በሥዕል የሚተረክ የጃፓን ልብ ወለድ) «ሞንስተር» የሚነሣው ከዚህች ሴት ጥያቄ ነው። ሐኪሙ ጃፓናዊው የአንጎል ቀዶ ጥገና ባለሙያ ኬንዞ ቴንማ፣ ከተማው የምዕራብ ጀርመኗ ዱሴልዶርፍ፣ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1986 ነው። ብዙም ሳይቆይ ጭንቅላቱን በጥይት የተመታ ልጅ ይመጣል፤ ተከትሎም ከንቲባው። ቴንማ በዚህኛው ጊዜ ተራውን አያዛንፍም፤ ልጁን ያክማል። ከንቲባው ይሞታል፣ የቴንማ ሹመት ይቀራል፣ እጮኛውም ፊቷን ታዞራለች። ከ9 ዓመት በኋላ ያ ልጅ፣ ዮሃን፣ ነፍሰ ገዳይ ሆኖ ፊቱ ይቆማል።

ታሪኩን አበላሸሁባችሁ እንዳትሉ፤ ይህ ሁሉ በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ያለ ነው። የወንጀል ልብ ወለድ የለመደ አንባቢ «ማን ገደለ?» እያለ ገጽ ይገልጣል። እዚህ ገዳዩ ታውቋል። የሚያስጨንቀው፣ ሰው ማዳን ሥራው የሆነው ሐኪም ያዳነውን ለመግደል ጠመንጃ ይዞ ሲንከራተት ማየቱ ነው። ይተኩስ ይሆን? ኡራሳዋ ይህን ጥያቄ ለ18 ቅጽ አንጠልጥሎ ያቆየዋል። ታሪኩ እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 2001 በወር ሁለት ጊዜ በሚወጣው «ቢግ ኮሚክ ኦሪጂናል» በተባለ የአዋቂዎች መጽሔት ላይ በተከታታይ ሲወጣ የቆየ ነው፤ ለመንቀራፈፍ ጊዜ ነበረው።

ማንጋ አንብቦ የማያውቅ ሰው መጀመሪያ የሚቸገረው በአቅጣጫው ነው። እንደ ዐረብኛ መጽሐፍ ከቀኝ ወደ ግራ ይነበባል፤ በገጹ ላይ ያሉት የሥዕል ሣጥኖችም እንዲሁ። ሁለት ምዕራፍ ካለፈ ዓይን ይለምደዋል። ከባዱ ንግግር የሌለባቸውን ሣጥኖች አለመዝለል ነው። መርማሪው ሉንገን ተመልከቱት፤ ሰው ሲያናግረው ጣቶቹ በአየር ላይ በኮምፒውተር እንደሚጽፍ ሰው ይንቀሳቀሳሉ። የሰማውን ሁሉ በጭንቅላቱ የሚመዘግበው እንዲህ ነው። ደራሲው ሰውየው ከሰው ይልቅ ለመዝገብ የቀረበ መሆኑን በቃል አይነግረንም፤ ጣቶቹን ይሥላል፣ በቃ። በኋላ እነዚያ ጣቶች ዝም ሲሉ የሚሰማን ነገር ከዚያ የመጣ ነው።

እንከን የለበትም አልልም። መገጣጠሙ አንዳንዴ ይበዛል፤ ቴንማ በደረሰበት መንደር ሁሉ ሐኪም የሚፈልግ ሰው አያጣም። በምሥራቅ በርሊን ነበረ የሚባለው 511 ኪንደርሃይም፣ የሕፃናት ማሳደጊያው፣ ምሥጢሩ ቀስ እያለ ሲወጣ ግን ያ ሁሉ ዙሪያ ጥምጥም ለምን እንዳስፈለገ ይገባናል።

ታሪኩ ሚዩኒክ ሲደርስ ቴንማ ለብዙ ገጽ ይጠፋል። ብዙ ሰው እዚያ ሰልችቶት ይተወዋል፤ እኔ ግን ከሁሉ የምወደው ያንን ክፍል ነው። መጠጥ እርግፍ አድርጎ የተወ፣ የራቀችውን ልጁን ዳግም ለማየት የጓጓ አንድ የቀድሞ ፖሊስ አለ። ዮሃን ይህን ሰው የሚቀርበው መሣሪያ ይዞ አይደለም፤ በለሆሳስ ያወራዋል እንጂ። ያንን ገጽ ማታ አትጀምሩት።