በሐኪም በታዘዘ የወሊድ መቆጣጠሪያ ለደረሰ ጉዳት ካሣ መጠየቅ፦ ከዶማን ሕግጋት አንጻር

ዑለማእ የወሊድ መቆጣጠሪያን ብይን ከዐዝል ሐዲሶች ተነሥተው በሰፊው መርምረዋል። በሐኪም የታዘዘው መድኃኒት ጉዳት ሲያደርስ ተጎጂዋ ምን መብት አላት የሚለው ጥያቄ ግን በደርሶቻችን እምብዛም አይነሣም። ብዙ ጊዜ የምትሰማው ምላሽ «ቀደር ነው፤ ሶብር አድርጊ» የሚል ነው። ምላሹ እውነት ቢሆንም ምሉእ አይደለም። በስሕተት የተገደለ ሰውም የሞተው በቀደር ነው፤ ይሁንና ቁርኣን (4፡92) ለቤተሰቡ ዲያ እንዲከፈል ደንግጓል። ስለዚህ በቀደር ማመን መብትን መጠየቅን አይከለክልም።

ይህ ማለት ግን ጉዳት በደረሰ ቁጥር ሐኪም ይከፍላል ማለት አይደለም። አቡ ዳውድ፣ ነሳኢና ኢብኑ ማጃህ በዘገቡት ሐዲስ፣ ሕክምናን ሳያውቅ ያከመ ሰው ዶማን (የካሣ ኃላፊነት) እንዳለበት ተገልጿል። ኢብኑ ቁዳማህ በአል-ሙግኒ እንዳብራሩት፣ ሐኪም ከዶማን ነጻ የሚሆነው ሙያውን ሲያውቅና ከወሰኑ ሳያልፍ ሲቀር ነው።

በምሳሌ እንመልከተው። ኢስትሮጅን ያለበት እንክብል ደም የመርጋት አደጋን ይጨምራል፤ ቀደም ሲል ደም ለረጋባት ወይም ከፍተኛ የደም ግፊት ላለባት ሴት በአብዛኛው አይታዘዝም። ሐኪሙ ይህን ጠይቆና መርምሮ፣ አደጋውንም አስረድቶ፣ በፈቃዷ ካዘዘላት በኋላ ጉዳት ቢደርስ፣ የተፈቀደ ተግባር ያስከተለው ነውና ዶማን የለበትም። ሳይጠይቅ ካዘዘ ወይም እግሯ አብጦ ደረቷን እያመማት ስትመለስ ችላ ካላት ግን ተቅሲር (የግዴታ ጉድለት) ነው።

በሀገራችን ይህ ጉዳይ የሚታየው በመደበኛ ፍርድ ቤት ነው። የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተሰጣቸው ሥልጣን ጋብቻን፣ ፍቺን፣ ውርስን፣ ወቅፍንና የመሳሰሉትን የሚመለከት ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2031 የሙያ ጥፋትን ይደነግጋል። በአንቀጽ 2143 መሠረትም ከውል ውጭ ኃላፊነት ላይ የተመሠረተ የካሣ ክስ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። «ታገሺ» እየተባለች ጊዜው ያለፈባት እህት መብቷን ልታጣ ትችላለች።

እንግዲህ ኢማምና መምህር ዘንድ እንዲህ ያለ ጉዳይ ሲቀርብ፣ በቅድሚያ ሳትዘገይ እንድትታከም ይምከሯት፤ ምስጢሯንም ይጠብቁ። ማስረጃ የማቅረብ ግዴታ በሸሪዓም የከሳሽ ነውና፣ የመድኃኒት ማዘዣውን፣ ማሸጊያውንና የሕክምና ካርዷን እንድትይዝ፣ ሕግ አዋቂም እንድታማክር ያሳስቧት። ሐኪሙንም ከማጣራት በፊት ጥፋተኛ አያድርጉ። ይቅር ማለት የእርሷ ምርጫ ነው፤ ምርጫ የሚሆነው ግን መብቷን ስታውቅ ነው። ወላሁ አዕለም።