የተሳቢ ጎማ ለምን ይፈነዳል? ሲፈነዳስ ማን ይጠየቃል?

ይፋግ ከወረታ ወደ አዲስ ዘመን በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች የሊቦ ከምከም ከተማ ናት። በ19ኛው መቶ ዘመን ከቤጌምድር ትልልቅ ገበያዎች አንዷ ስለነበረች፣ ሲራራ ነጋዴው ጭነቱን በበቅሎና በአህያ ይዞ ይመላለስባት ነበር። ዛሬ የሚመላለሰው ባለ ተሳቢ መኪና ነው። ከወረታ ደረቅ ወደብ የሚነሳ አለ፣ ወደ ጎንደርና ወደ መተማ የሚያቀና አለ፣ ከፎገራ ሜዳ ሩዝ ጭኖ የሚወጣ የትራክተር ጋሪም አለ። ጎማው ተልጦ ዳር የያዘ ተሳቢ ሲታይ ደግሞ ፍርዱ ፈጣን ነው፤ «የዘንድሮ ጎማ ምን ጎማ ነው!» ይባላል። የፋብሪካ ጉድለት የለም አልልም። ግን አብዛኛውን የተሳቢ ጎማ የሚገድሉት የአየር ማነስ፣ የጭነት መብዛትና እርጅና ናቸው። በእውነት የፋብሪካ ጥፋት የሆነው ደግሞ ማስረጃው ስለሚጣል ሳይካስ ይቀራል።

ለምን ተሳቢው ላይ ይበዛል? አንደኛው ምክንያት ልማዳችን ነው። አዲስ ጎማ ሲገዛ ከፊት ይታሰራል፣ የፊቱ ወደ ኋላ ይወርዳል፣ ከዚያ የተረፈው ለተሳቢው ይሰጣል። ነገሩ ሞኝነት አይደለም፤ የፊት ጎማ ሲፈነዳ መሪው ከሹፌሩ እጅ ሊወጣ ስለሚችል ጥሩውን ፊት ማድረግ ተገቢ ነው። ውጤቱ ግን ያረጀው ሁሉ ተሳቢው ስር ይሰበሰባል። ሁለተኛው፣ ሹፌሩ አለመስማቱ ነው። የተሳቢ ጎማ በጥንድ ስለሚታሰር፣ የውስጠኛው ጎማ አየር ቢጨርስ ጓደኛው ጭነቱን ብቻውን ተሸክሞ ይሄዳል፤ ካቢን ውስጥ የሚሰማ ነገር የለም። የሁለት ሰው ሥራ የያዘው ጎማ ይግላል፣ የተኛው ደግሞ ከጎኑ ይፋተጋል። ጭስ የሚታየው ከኋላ ለሚመጣው ነው፤ አንዳንዴም እሳት ይነሳል። ጥንዶቹ እኩል ካልሆኑ፣ አንዱ አዲስ ሌላው ያለቀ ከሆነ፣ ረጅሙ ጎማ አብዛኛውን ጭነት ይወስዳል፤ እሱም ቀድሞ ይሄዳል።

የአየርን ነገር ጠለቅ ብሎ ማየት ይገባል፤ ምክንያቱም እዚህ አገር መንገዱ ራሱ አየሩን ይለዋውጠዋል። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር አካባቢ ናት፤ ወረታና ይፋግ ደግሞ ወደ 1,800 ግድም። አንድ ሹፌር ደብረ ታቦር ላይ በጠዋት ብርድ፣ ሙቀቱ 10 ዲግሪ ሲሆን፣ ጎማውን 100 ፒኤስአይ ሞላ እንበል። በወልድያ በኩል ወርዶ 40 ዲግሪ በሆነው ሰመራ ሲደርስ ሙቀቱ አየሩን ያሳብጠዋል። ዝቅ ባለው አገር የውጭው አየር ከባድ ስለሆነ ደግሞ መለኪያው የሚያነበውን ትንሽ ይቀንሰዋል። ሁለቱ ተደምረው ቁጥሩ ወደ 108 ይደርሳል። ጎማው በመንገድ ራሱ የሚያመጣው ግለት ሲጨመርበት ከዚያም ያልፋል። ይህ የታሰበበት ነገር ነው፤ ጎማ ሲሠራ ይህን እንዲችል ሆኖ ይሠራል። ችግሩ የሚመጣው ረዳቱ ወርዶ «በዛ» ብሎ ሲያስተነፍሰው ነው። ጎማው ማታ ሲበርድ አየሩ ጎድሎ ያድራል፣ በማግስቱ የጎደለ አየር ይዞ ይጫናል። አየር ያነሰው ጎማ ጎኑ በየዙሩ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፤ መታጠፉ ሙቀት ይወልዳል፣ ሙቀቱ ጎማውንና ሽቦውን ያያያዘውን ያላቅቃል። በመጨረሻ ጥርሱ እንደ ሙዝ ልጣጭ ተገሽልጦ አስፋልት ላይ ይቀራል። ስለዚህ አየር የሚለካው ጎማው በርዶ፣ ከጉዞ በፊት ነው። በጌጅ እንጂ በመዶሻ ወይም በእርግጫ አይደለም፤ ሲመታ የሚሰማው ድምፅ ባዶውን ከሙሉው ይለይ ይሆናል እንጂ ሃያ ፒኤስአይ የጎደለውን አይናገርም።

ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ ያለው 40 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁለት ሌላ ፈተና አለው። ሞተሩ እንዲይዝ በከባድ ማርሽ ከመውረድ ይልቅ ፍሬን ላይ ተቀምጦ የሚወርድ ሹፌር ታምቡሩን ያግላል፣ ግለቱ ወደ ቸርኬው ይሄዳል፣ ከቸርኬው ወደ ካላማዳሪያው ይደርሳል። ብዙ ጊዜ «ቆሞ ሳለ ፈነዳ» የሚባለው ጎማ ይኸው ነው። የጋለ ታምቡር ላይ ውኃ መድፋትም ብረቱን ይሰነጥቀዋል፤ ቆሞ በራሱ እንዲበርድ መተው ይሻላል። በእረፍት ጊዜ እጅን የጎማው እምብርት ወደሆነው ሞዞ ማስጠጋት ጥሩ ልማድ ነው። ከሌሎቹ ተለይቶ የሚግል ካለ ወይ ፍሬኑ ይዟል፣ ወይ ኩሽኔታው ግራሶ ጨርሷል። ኩሽኔታ ተበልቶ ጎማው ከነሞዞው ወጥቶ ሜዳ የገባበትን አደጋ በፋብሪካ ማመካኘት አይቻልም።

የቸርኬው ማሰሪያ ዳዶም አለ። ቸርኬ ተፈትቶ ሲታሰር፣ በተለይ አዲስ ቀለም ከተቀባ፣ መጀመሪያ የተጠበቀው ጥቂት ከተሄደ በኋላ ይላላል። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ውስጥ ቆሞ እንደገና ማጥበቅ ግድ ነው። ከይፋግ ጎማ አሳስሮ ወደ ጎንደር የሚሄድ ሰው ከተማው ሳይገባ አንድ ጊዜ ቁልፉን ያውጣ። ከዳዶው ስር የዝገት ጭረት ከታየ ዳዶው መላላቱን እየነገረ ነው።

ለጎሚስታዎች አንድ ነገር ልበል። ባለ ቀለበት ቸርኬ ሲነፋ ቀለበቱ በትክክል ካልገባ ሰው ይገድላል። የብረት ቤት ከሌለ ቢያንስ በሰንሰለት ይታሰር፤ ቱቦው ረጅም ይሁን፣ የሚነፋው ሰውም ከፊቱ አይቁም። ይህን ሥራ የሚማሩ ልጆች ብዙ ጊዜ ቁጢጥ ብለው ቀለበቱን እያዩ ነው የሚነፉት፤ ባለ ሱቆቹ ሊከለክሏቸው ይገባል።

አሁን ወደ ጎማው ጎን እንምጣ፤ ታሪኩ እዚያ ተጽፏል። 156/150 የሚል ቁጥር ያለው ጎማ ለብቻው ሲታሰር 4,000 ኪሎ፣ በጥንድ ሲታሰር ግን እያንዳንዱ 3,350 ኪሎ ይችላል ማለት ነው። በጥንድ ሲሆን መሸከም የሚችለው ይቀንሳል፤ ብዙ ባለንብረት የሚስተው ይህን ነው። ቀጥሎ ያለው ፊደል የፍጥነት ወሰኑ ነው። ትልቁ ምስጢር «ዶት» የሚሉት ረድፍ መጨረሻ ላይ ያሉት አራት አኃዞች ናቸው። 3519 ካለ ጎማው በፈረንጆቹ 2019 በ35ኛው ሳምንት ተሠርቷል። ጎማ ሥራ ላይ ሳይውልም ያረጃል። ታዋቂ አምራቾች ከአምስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ እንዲመረመር፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ጥርሱ ቢኖርም እንዲቀየር ይመክራሉ። ፀሐይ ላይ ቆሞ የከረመ ተሳቢ የጎማው ጎን ከተሰነጣጠቀ «ገና አልነካም» ማለት ዋጋ የለውም። ሲገዙም ሻጩን ከማመን አራቱን አኃዝ ማንበብ ይቀላል።

እሺ፣ ሁሉም በትክክል ተደርጎ ጎማው ቢፈነዳስ? አቤቱታው መጀመሪያ የሚቀርበው ለሸጠው ሰው ነው። የአገር ውስጥ ምርት ከሆነ፣ ለምሳሌ የሆራይዘን አዲስ ጎማ፣ ፋብሪካው እዚሁ አገር ነው፤ የውጭ ከሆነ የሚጠየቀው አስመጪው ነው። አምራቾች በተለምዶ የሚክሱት የአሠራር ጉድለትን እንጂ ድንጋይ የቆረጠውን፣ በአየር ማነስ የተቃጠለውን አይደለም። ካሳውም ሙሉ ጎማ ላይሆን ይችላል፤ በቀረው የጥርስ ጥልቀት ልክ ይሰላል። መርማሪው የጎማውን ውስጥ ያያል። ጎኑ ዙሪያውን ተፈጭቶ ዱቄት ከሆነ ያለ አየር ተሂዶበታል፤ ክርክሩም እዚያው ያልቃል።

በሕግ በኩል፣ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። አዋጁ ሸማች የሚለው ግን ለራሱና ለቤተሰቡ የሚገዛውን ነው። ተሳቢ ለንግድ የሚያሠራ ሰው የበለጠ የሚደገፈው በሽያጭ ውሉና በፍትሐ ብሔር ሕጉ ላይ ነው፤ ሕጉም ገዥው ዕቃውን እንዲመረምርና ጉድለቱን ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠብቅበታል። ደረሰኝ የሌለው ጎማ በሁለቱም መንገድ አንካሳ ነው።

አቤቱታ ከንቱ ነው ለሚል ሰው አንድ መልስ አለ። በነሐሴ 1992 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ ፋየርስቶን 6.5 ሚሊዮን ጎማዎችን ከገበያ ሰብስቧል። ብዙዎቹ ፎርድ ኤክስፕሎረር ላይ የታሰሩ ነበሩ፤ ጥርሳቸው እየተላጠ ሰው የሞተባቸው አደጋዎች ደርሰዋል። ጉዳዩ የተገለጠው የተለያዩ ሰዎች ያቀረቡት አቤቱታ ተሰብስቦ ሲታይ ነው፤ የጎማዎቹ ጎን ላይ ያለው ቁጥር ደግሞ ብዙዎቹ ከአንድ ፋብሪካ መውጣታቸውን አሳየ። ያ ቁጥር ባይመዘገብ ኖሮ እያንዳንዱ አደጋ የሹፌር ጥፋት ተብሎ በቀረ ነበር።

ስለዚህ ጎማዎ ሲፈነዳ ፍርስራሹን ለጫማ ሠሪ አይስጡ፣ ገደልም አይጣሉት። ሙሉውን የ«ዶት» ቁጥር፣ የተሰነጠቀውን ቦታ፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውንና ጎማው የነበረበትን ቦታ በስልክዎ ፎቶ ያንሱ፤ ከደረሰኙ ጋር ያስቀምጡ። ጎማውን እስኪመረመር ድረስ ያቆዩት፤ አቤቱታዎንም በቃል ብቻ ሳይሆን በጽሑፍ ያስገቡና ቅጂው ላይ ማኅተም ያስመቱ።