የሰውን ዕቃ በድረ ገጽ እያሻሻጡ የቤት ገቢ ስለ ማግኘት

ቤት የሚከበረው በገባለት ገንዘብ ብዛት ብቻ አይደለም፤ ገንዘቡ የገባበትም መንገድ ቤቱን ያስከብራል፤ ወይም ያስነቅፋል። ስለዚህ ልጆቻችን አዲስ የገቢ መንገድ ባመጡ ጊዜ ሁለቱንም መመርመር የአባትና የእናት ፈንታ ነው።

በዛሬው ጊዜ በብዙ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይነሣል። ትምህርቱን የጨረሰ ልጅ ከወላጆቹ ፊት ቀርቦ፤ «በኢንተርኔት ድረ ገጽ ከፍቼ የሰው ዕቃ እያሻሻጥሁ ኮሚሲዮን ልቀበል አስቤአለሁና ጊዜና ጥቂት ገንዘብ ይፈቀድልኝ» ይላል። አባት ነገሩን ከቁማር ይቈጥረዋል፤ እናት ግን የጐረቤት ልጅ በዚሁ ሥራ ከበረ ሲባል ሰምታ ለመፍቀድ ትቸኵላለች። ሁለቱም ሳይመረምሩ የፈረዱ እንደ ሆነ ልጁን ይጐዱታል። እኛም ሥራው ምን እንደ ሆነ፤ ውሉ እንዴት እንደሚመረጥ፤ ዕቃውም ለአንባቢ እንዴት እንደሚነገር ከዚህ ቀጥለን እንጽፋለን።

ሥራው ምንድር ነው?

በገበያ ውስጥ ደላላ የሚባለው ሰው ሥራው የታወቀ ነው። ዕቃው የእርሱ አይደለም፤ የሚገዛበትም ገንዘብ የእርሱ አይደለም፤ ነገር ግን ሻጭንና ገዢን አገናኝቶ ዋጋው ሲቈረጥ የድለላውን ይቀበላል። አፊሊየት ማርኬቲንግ የሚባለው ሥራም በመሠረቱ ይኸው ነው። ልዩነቱ አሻሻጩ በአፉ ሳይሆን በጽሑፍና በሥዕል መናገሩ፤ ገዢውንም በዐይኑ አለማየቱ ነው።

አሠራሩም እንዲህ ነው። ድረ ገጽ ያለው ሰው ከነጋዴው ጋራ ሲዋዋል አንድ መለያ ቍጥር ይሰጠዋል። ስለ ዕቃው በጻፈ ጊዜ ይህን ቍጥር የያዘ ሊንክ በጽሑፉ ውስጥ ያኖራል። አንባቢው ሊንኩን ሲጫነው ወደ ነጋዴው ሱቅ ይሻገራል፤ ኩኪ የምትባልም ትንሽ ምልክት በኮምፒዩተሩ ወይም በስልኩ ላይ ተቀምጣ ገዢው ከማን ዘንድ እንደ መጣ ትመሰክራለች። በተወሰነው ጊዜ ውስጥ የገዛ እንደ ሆነ ነጋዴው ከዋጋው ላይ ከመቶ ይህን ያህል ብሎ ለአሻሻጩ ይከፍላል።

ሥራው የተስፋፋው በአሜሪካ ነው። (ዓመቶቹን የምንጽፈው እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ነው።) በ1994 ሲዲናው የሚባል የሙዚቃ ሻጭ ድረ ገጽ ካላቸው ሰዎች ጋራ እንዲህ ያለ ውል ጀመረ፤ በ1996 በጁላይ ወር ደግሞ ያን ጊዜ መጽሐፍ ብቻ ይሸጥ የነበረው አማዞን ይህንኑ ውል ለሕዝብ ከፈተ። ከዚያ ወዲህ ከጫማ ሻጭ እስከ ባንክ ድረስ ብዙው ነጋዴ ተከትሎታል።

ትርፉን አስቀድሞ ስለ ማስላት

ልጁ ሥራውን ሳይጀምር ወረቀትና እርሳስ ይዞ ከወላጆቹ ጋራ ሒሳቡን ቢያሰላ መልካም ነው። ለምሳሌ፤ ድረ ገጹን በወር 1000 ሰው አነበበው እንበል። ከእነዚህ 50ው ሊንኩን ተጫኑ፤ ከ50ውም 2ቱ ሰዎች እያንዳንዳቸው የ100 ዶላር ዕቃ ገዙ፤ ኮሚሲዮኑም ከመቶ 3 ነው። የወሩ ገቢ 6 ዶላር ይሆናል ማለት ነው። ለድረ ገጹ ስምና ለሚቀመጥበት ስፍራ የሚከፈለው ኪራይ ከዚህ ላይ ሲነሣ የሚተርፈው ምን ያህል እንደ ሆነ አንባቢው ራሱ ይመልከተው።

ይህን የምንጽፈው ልጁን ተስፋ ለማስቈረጥ አይደለም። አንባቢው ሲበዛ፤ እምነቱም ሲጸና ገቢው ያድጋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለው ነው። ዳሩ ግን በአንድ ወር እከብራለሁ ብሎ የሚጀምር፤ በሁለተኛው ወር ወይ ሥራውን ይተዋል፤ ወይ ማታለል ይጀምራል።

ውልን ስለ መምረጥ

አንደኛ፤ ዕቃውን መመርመር ነው። ለሰው ዋስ የሚሆን ሰው አስቀድሞ የሚዋስለትን ሰው ጠባይ ይጠይቃል፤ ያ ሰው የጠፋ እንደ ሆነ ዕዳው በራሱ ላይ እንደሚመጣ ያውቃልና። የሰውን ዕቃ የሚያመሰግንም እንዲሁ ስሙን ዋስ አድርጎ መስጠቱ ነው። ስለዚህ አሻሻጩ፤ «ኮሚሲዮን ባይከፈለኝ ይህን ዕቃ ለእኅቴ ግዢ እላት ነበርን?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። አልላትም ያለ እንደ ሆነ ከመቶ 50 ቢሰጡትም ውሉን ይተወው።

ሁለተኛ፤ የኮሚሲዮኑን ምንጭ ማወቅ ነው። ገንዘቡ ከዕቃ ሽያጭ የሚመጣ ከሆነ ንግድ ነው፤ አዲስ ገቢዎች ለመግባት ከሚያዋጡት ገንዘብ የሚመጣ ከሆነ ግን የኋለኛውን ዘርፎ የፊተኛውን መክፈል ነው። በአሜሪካ በርንላውንጅ የሚባል ድርጅት ሙዚቃ በድረ ገጽ ትሸጣላችሁ ብሎ ሰዎችን ለመግቢያ ገንዘብ ያስከፍል ነበር። የአገሩ የንግድ ኮሚሲዮን በ2007 ከሰሰው፤ የይግባኙም ፍርድ ቤት በ2014 ሕገ ወጥ የፒራሚድ ሥራ ነው ሲል ፍርዱን አጸና። ስለዚህ፤ «አስቀድመህ ክፈል፤ ሌላ ሰው ባስገባህም ቍጥር ይከፈልሃል» ከሚል ሰው ዘንድ መራቅ ይገባል።

ሦስተኛ፤ የውሉን ቃል እስከ መጨረሻው ማንበብ ነው። ብዙ ሰው ከመቶ ስንት እንደሚከፈለው ብቻ ተመልክቶ ይፈርማል። ነገር ግን የኩኪዋ ዕድሜ ስንት ነው? ዕቃው የተመለሰ እንደ ሆነ ኮሚሲዮኑ ይመለሳልን? ሒሳቡ ስንት ሲደርስ ይከፈላል? ክፍያው ልጁ ወዳለበት አገር ይደርሳልን? እነዚህ ሁሉ ሊጠየቁ ይገባል። በአማዞን ውል አንባቢው ሊንኩን ከተጫነ በኋላ ለአሻሻጩ የሚቈጠርለት ጊዜ 24 ሰዓት ነው፤ አዲስ ገቢም በ180 ቀን ውስጥ 3 ሽያጭ ካላደረሰ ሒሳቡ ይዘጋል። በራሱ ሊንክ ለራሱ መገልገያ ቢገዛም ኮሚሲዮን አያገኝበትም።

አራተኛ፤ ውል ሰጪው ዋጋውን በራሱ ፈቃድ ሊለውጥ እንደሚችል ማስታወስ ነው። በ2020 በኤፕሪል ወር አማዞን ለቤት ዕቃ ከመቶ 8 ይከፍል የነበረውን ወደ 3፤ ለአስቤዛም ከመቶ 5 የነበረውን ወደ 1 አወረደው። የቤታቸውን ወጪ በዚያ ገቢ ላይ ብቻ የመሠረቱ ሰዎች አንድም ጥፋት ሳያጠፉ ገቢያቸው ተቈረጠ።

አምስተኛ፤ በአንድ ውል ብቻ አለመደገፍ ነው። በ2011 በጁን ወር የካሊፎርኒያ መንግሥት አሻሻጮች በግዛቱ ያሏቸው የሩቅ ነጋዴዎች የሽያጭ ቀረጥ እንዲሰበስቡ የሚያዝ ሕግ ባወጣ ጊዜ፤ አማዞን በዚያ ግዛት ከሚኖሩት አሻሻጮቹ ጋራ ውሉን አቋረጠ። በዚያው ዓመት ስምምነት ሲደረግ መልሶ ቢቀበላቸውም በመካከሉ የተጐዳው አሻሻጩ ነበር። ነገር ግን ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣምና፤ ዐሥር ውል መፈራረምም መልካም አይደለም። በደንብ የሚያውቋቸውን ሁለት ወይም ሦስት መያዝ ይበቃል።

ዕቃን ለአንባቢ ስለ ማስታወቅ

ውሉ ከተመረጠ በኋላ ሥራው ሁሉ መጻፍ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪዎች የሚሳሳቱት ነጋዴው ስለ ዕቃው የጻፈውን ምስጋና ገልብጠው በማውጣት ነው። አንባቢው ግን ያንኑ ከነጋዴው ሱቅ ያገኘዋል፤ ከአሻሻጩ የሚፈልገው ዕቃውን በእጁ የያዘውን ሰው ምስክርነት ነው።

አንድ ምሳሌ እንስጥ። በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን እንጀራ ለመጋገር ከሚገዟቸው ዕቃዎች አንዱ፤ የኖርዌይ ተወላጆች ሌፍሴ የሚባለውን ስስ የድንች ቂጣ የሚጋግሩበት ክብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። ይህ ምጣድ ለእንጀራ ታስቦ የተሠራ አይደለምና፤ ከአገሯ አዲስ የሄደች እመቤት የምትጠይቀውን ነጋዴው አይጽፍላትም። እንጀራው ዐይን ያወጣልን? ሙቀቱ ከስንት ላይ ይደረግ? አክንባሎ የሚሆን ክዳን አብሮት ይመጣልን ወይስ ለብቻው ይገዛል? ይህን ሁሉ ሞክራ፤ ሥዕሉንም አንሥታ በአማርኛ የምትጽፍ ልጅ ለብዙ ቤት ጥቅም ትሰጣለች፤ ኮሚሲዮኗንም በሐቅ ትቀበላለች።

ከዚህም ይልቅ እምነት የሚያስገኘው የዕቃውን ጕድለት መጻፍ ነው። የአሜሪካ የቤት ኤሌክትሪክ 120 ቮልት ሲሆን የኢትዮጵያ 220 ነው። በዚያ አገር ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራውን ምጣድ ለእናቱ ስጦታ ገዝቶ አዲስ አበባ ያመጣ ሰው፤ ያለ ትራንስፎርመር የሰካው እንደ ሆነ ያቃጥለዋል። «ወደ አገር ቤት ለመላክ ያሰባችሁ ይህን አትግዙ» ብሎ የሚጽፍ አሻሻጭ የዚያን ቀን ጥቂት ሽያጭ ያጣል፤ ዳሩ ግን ያነበበው ሰው በሌላ ጊዜ ግዛ ሲለው ያምነዋል።

ይህ ምክር ለትንሹ ብቻ የሚሆን አይደለም። በ2011 ብራያን ላም የሚባል አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ዋየርከተር የሚባል ድረ ገጽ ከፈተ። በዚያም ጸሐፊዎቹ ዕቃዎችን እየፈተኑ የሚሻለውን ይመርጡ ነበር፤ የመረጡትንም ዕቃ ጕድለት ሳይሸሽጉ ይጽፉ ነበር። ገቢያቸውም ከኮሚሲዮን ነበር። በ2016 የኑዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ይህን ድረ ገጽ 30 ሚሊዮን ዶላር በሚያህል ዋጋ ገዛው። ጋዜጣው የገዛው የአንባቢውን እምነት ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ኮሚሲዮን መቀበልን ስለ መግለጥ

ደላላ በገበያ ሲናገር ገዢው ደላላ መሆኑን ያውቃል፤ ስለዚህም ቃሉን እየመዘነ ይሰማዋል። በድረ ገጽ ግን ጸሐፊው እንደ ወዳጅ ሲመክር አንባቢው ገንዘብ የሚቀበልበት መሆኑን አያውቅም። ስለዚህ የአሜሪካ የንግድ ኮሚሲዮን በ2009ና በ2023 ባሻሻለው መመሪያ፤ እንዲህ ያለው ሰው ጥቅም እንዳለው በግልጥ እንዲናገር ያዝዛል። ቃሉም ከገጹ ግርጌ ተደብቆ ሳይሆን ከምክሩ አጠገብ፤ በቀላል አነጋገር ሊጻፍ ይገባል። ምክሩም በተጻፈበት ቋንቋ መሆን አለበት፤ በአማርኛ መክሮ ጥቅሙን በእንግሊዝኛ የሚናገር ሰው እንደ ተናገረ አይቈጠርም። በአገራችንም በ2004 ዓመተ ምሕረት የወጣው የማስታወቂያ ዐዋጅ ቍጥር 759 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል።

«በዚህ ሊንክ የገዛችሁ እንደ ሆነ ከነጋዴው ኮሚሲዮን እቀበላለሁ» የሚል አንድ መስመር ከጽሑፉ ራስ ላይ ማኖር ምንም አያሳፍርም። የሚያሳፍረው ሌላው ከተናገረ በኋላ መታወቁ ነው።

በዚህ ሥራ ያታለሉም እስከ ወህኒ ቤት ደርሰዋል። በአሜሪካ ኢቤይ ለሚባለው የገበያ ድርጅት ያሻሽጡ የነበሩ ሁለት ሰዎች፤ ሊንኩን ባልተጫኑ ሰዎች ኮምፒዩተር ላይ በስውር ኩኪ እያስቀመጡ ባላሻሻጡት ዕቃ በሚሊዮን የሚቈጠር ዶላር ተቀበሉ። በ2010 ተከሰሱ፤ በ2014ም አንዱ 5 ወር፤ ሁለተኛው 15 ወር እስራት ተፈረደባቸው።

ለቤተሰብ የሚሆን ምክር

እንግዲህ ልጃቸው እንዲህ ያለ ጥያቄ ያቀረበላቸው ወላጆች ነገሩን ከቁማር ቈጥረው አይከልክሉት፤ እንደ ተገኘ ወርቅም አይቀበሉት። ለአንድ ዓመት የሚሆን ጊዜ ይወስኑለት፤ የሚያወጣውንም ገንዘብ ይለኩለት። የገባውንና የወጣውን በመዝገብ ጽፎ በየወሩ ያሳያቸው። አባት ውሉን ከልጁ ጋራ ተቀምጦ ያንብብ፤ እናትም ልጁ ስለ ዕቃው የጻፈውን አንብባ፤ «እውነት ይህን ሞክረኸዋልን?» ብላ ትጠይቀው። ይህ አንድ ጥያቄ ከብዙ ተግሣጽ ይበልጣል።

የአማርኛ አንባቢ የሚተዋወቅ ሕዝብ ነው፤ በውጭ አገር ያለውም ቢሆን በዕድርና በማኅበር፤ በሠርግና በለቅሶ ይገናኛል። በሐሰት ምስጋና ክፉ ዕቃ የገዛ ሰው ድረ ገጹን ዘግቶ ዝም አይልም፤ ይህን ያስገዛኝ የእገሌ ልጅ ነው ይላል። ያን ጊዜ ዕዳው ከልጁ ዐልፎ በቤቱ ላይ ይመጣል። እንዲሁም መልካም ምክር ያገኘ ሰው የእገሌ ልጅ ረዳኝ ብሎ ለሌላው ይነግራል፤ ከዚህ የሚበልጥ ማስታወቂያ በገንዘብ አይገዛም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላልና፤ ልጁ ለጥቂት ዶላር ኮሚሲዮን ዋስ አድርጎ የሚሰጠው የአባቱንና የእናቱን ስም መሆኑን አስቀድሞ ይወቅ።