85 እና 85 ሲደመሩ 88

ኩንታል በኩንታል ላይ ሲጫን ክብደቱ ይደመራል፤ ዴሲቤል ግን እንዲህ አይደመርም። እያንዳንዳቸው 85 ዴሲቤል የሚያሰሙ ሁለት የእህል ወፍጮዎች በአንድ ቤት አብረው ቢፈጩ የድምፅ መለኪያው የሚያሳየው 170 ሳይሆን 88 ነው። ይህን ያየ ሰው ሁለተኛው ወፍጮ ያመጣው ጭማሪ ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። ድምዳሜው ግን ስሕተት ነው፤ ያቺ 3 ዴሲቤል የአንድ ሙሉ ወፍጮ ድምፅ ናት።

ነገሩ ከመለኪያው አሠራር ይጀምራል። ድምፅ የአየር ግፊት መዋዠቅ ነው። ጤነኛ ጆሮ ሊሰማው የሚችለው ዝቅተኛ ግፊት ወደ 20 ማይክሮፓስካል ሲሆን፣ ጆሮን የሚያሳምመው ደግሞ 20 ፓስካል አካባቢ ይደርሳል፤ በመካከላቸው የሚሊዮን እጥፍ ልዩነት አለ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1920ዎቹ የአሜሪካው የቤል ስልክ ድርጅት መሐንዲሶች በስልክ መስመር ላይ የሚባክነውን ሲግናል ለመለካት በሎጋሪዝም የሚሠራ መለኪያ አበጁና በአሌክሳንደር ግራሃም ቤል ስም ጠሩት። ዴሲቤል የዚያ መለኪያ አንድ አሥረኛ ነው። የድምፁ ኃይል አሥር እጥፍ ባደገ ቁጥር ቁጥሩ በ10 ከፍ ይላል፤ ኃይሉ እጥፍ ሲሆን ደግሞ በ3 ገደማ።

ስለዚህ ድምፆችን መደመር የሚፈልግ ሰው ዴሲቤሉን መጀመሪያ ወደ ኃይል ይመልሳል፤ ኃይሎቹን ደምሮ ውጤቱን እንደገና ወደ ዴሲቤል ይለውጣል። በዚህ ስሌት 85 ዴሲቤል የሚያሰሙ አራት ወፍጮዎች 91፣ አሥር ወፍጮዎች 95 ይሰጣሉ። ግፊቱስ? በአንድ ወፍጮ 0.36 ፓስካል የነበረው በሁለት 0.50፣ በአራት 0.71 ይሆናል። ኃይል የሚያድገው ግፊት በራሱ ተባዝቶ ስለሆነ፣ ኃይሉ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ የሚያድገው 1.41 ጊዜ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ፊዚክስ የተማረ አንባቢ፣ ሁለት እኩል ሞገዶች ሲገናኙ ግፊታቸው እጥፍ መሆን ነበረበት ሊል ይችላል። እጥፍ የሚሆነው ሞገዶቹ አብረው ሲወጡና አብረው ሲወርዱ ነው። አንድ ዓይነት ሲግናል የሚቀበሉ ሁለት ድምፅ ማጉያዎች ከአድማጩ እኩል ርቀው ሲቆሙ ጭማሪው 6 ዴሲቤል ይደርሳል። አንዱ ሲገፋ ሌላው የሚስብ ከሆነ ግን ይጠፋፋሉ፤ የውጭ ጫጫታን የሚያፍኑ የጆሮ ማዳመጫዎች የሚሠሩት በዚህ ነው። ወፍጮዎች፣ መኪኖችና ጄኔሬተሮች ግን ሞገዳቸው አይናበብም። አንዴ ሲደጋገፍ አንዴ ሲጣላ ይውላል፤ ሲቻቻል የሚተርፈው 3 ዴሲቤል ነው።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ከጆሮ ይመጣል። ሰው 3 ዴሲቤልን በጭንቅ ይለያል፤ ድምፁ እጥፍ ሆነ የሚለው በ10 ዴሲቤል አካባቢ ሲጨምር ነው። እውነት ነው፤ ግን ጆሮ የሚሰማውና ጆሮን የሚጎዳው አንድ አይደሉም። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ብሔራዊ ተቋም ለ85 ዴሲቤል በቀን 8 ሰዓት ሲፈቅድ፣ ለ88 ወደ 4 ሰዓት፣ ለ91 ወደ 2 ሰዓት ያወርደዋል። የዚያው አገር የሥራ ቦታ ሕግ ሰዓቱን በግማሽ የሚቀንሰው በየ5 ዴሲቤሉ ነውና ስለ መጠኑ ክርክር አለ፤ ትንሽ የሚመስል ጭማሪ የሥራ ሰዓትን እንደሚቆርጥ ግን ሁለቱም ይስማማሉ።

ስሌቱ ለአሠሪ የሚሰጠው ምክርም ቀጥተኛ ነው። 85 ዴሲቤል ካለው ማሽን አጠገብ 75 የሚያሰማ ሌላ ቢኖር ድምሩ 85.4 ነው፤ ትንሹን ዝም ማሰኘት ለሠራተኛው ጆሮ እምብዛም አይፈይድም። በገንዘብም በጥረትም መጀመር ያለበት ከጯሂው ነው። በመለኪያው ላይ 3 ዴሲቤል ሲጨምር ያየም፣ ጆሮው ባይነግረውም፣ ጫናው እጥፍ እንደሆነ ይቁጠረው።