ፊልምን ከኮምፒዩተር ወደ ካሴት ሲያወርዱ ስለሚያጋጥም መሰናክል

በ1990ዎቹ ዓ. ም. መጨረሻ በየካ ክፍለ ከተማ፣ ከመገናኛ እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ባለው ሠፈር፣ የሠርግ ቪዲዮ የሚያነሡ ትንንሽ ቤቶች ነበሩ። ሙሽሮቹን ወደ እንጦጦ ባሕር ዛፍ ሥር ወስደው ይቀርጿቸዋል፤ የተቀረጸውን በኮምፒዩተር ቆራርጠው ይቀጥሉታል፤ በመጨረሻም ሚኒ ዲቪ በሚባለው ትንሽ ካሴት ላይ መልሰው ያወርዱታል። ለዘመድ የሚታደለው ቪኤችኤስ የሚባዛው ከዚህ ካሴት ነበር። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው ይህ የመጨረሻው ሥራ ስለ ምን ይበላሽ እንደ ነበረና መንሥኤው እንዴት እንደሚፈለግ ነው። ነገሩ ያለፈበት ይመስላል። ነገር ግን ካሴቶቹ ዛሬም በየቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ አሉ፤ ይዘታቸውን ለማዳን የሚፈለገውም ያው አሮጌ ኮምፒዩተርና ያው ገመድ ነው።

በመጀመሪያ ካሴቱ የሚጠይቀውን ማወቅ ይገባል። አገራችን በምትጠቀምበት በፓል ሥርዐት በአንድ ሴኮንድ 25 ሥዕሎች ያልፋሉ፤ እያንዳንዱም በዲቪ አሠራር 144,000 ባይት ነው። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ በሴኮንድ 3.6 ሚሊዮን ባይት፣ በሰዓትም 13 ቢሊዮን ባይት ያህል ማቀበል አለበት። ይህ ለዚያን ጊዜው ሃርድ ዲስክ እንኳ ከባድ ሸክም አይደለም። የሚያስቸግረው ጊዜው ነው። በካሜራው ውስጥ ያለው የመቅረጫ ከበሮ በደቂቃ 9,000 ጊዜ እየዞረ በሴኮንድ 300 መሥመር ይጽፋል፤ ማንንም አይጠብቅም። ፋየርዋየር የሚባለውም ገመድ መረጃውን በሴኮንድ 8,000 ጊዜ ከፋፍሎ ይልካል፤ አንዱ ክፍል ቢጠፋ ደግሞ አይልክም። ፕሪንተር ቢዘገይ ወረቀቱ ይዘገያል እንጂ ጽሑፉ አይጎድልም፤ እዚህ ግን የዘገየ ሁሉ ጠፋ ማለት ነው።

የገጠመንን እናቅርብ። ሾላ አካባቢ በነበረ አንድ ቤት የሠርግ ፊልም ወደ ካሴት ሲወርድ በየሁለት ሦስት ደቂቃው ሥዕሉ በአራት ማዕዘን እየተሰባበረ፣ ድምፁም እየተቆራረጠ አስቸገረ። ባለቤቱ ነገሩን በካሴቱ አሳብቦ ሦስት አዳዲስ ካሴት ገዛ። እኛ ግን በዚያው ካሴት ላይ በካሜራው ሌንስ በቀጥታ ብንቀርጽ ጥሩ ሆኖ ተገኘ፤ እንግዲያው ካሴቱም የካሜራው ራስም ደኅና ናቸው። ገመዱን ብንለውጥም የተሻሻለ ነገር የለም። የቀረው ኮምፒዩተሩ ነው።

በዊንዶውስ ኤክስፒ የዕቃዎች ዝርዝር ላይ ብንመለከት የፋየርዋየሩ ካርድ፣ የድምፅ ካርዱና የኔትወርክ ካርዱ ሦስቱም በ11ኛው የኢንተራፕት ቁጥር ላይ ተቀምጠዋል። ኢንተራፕት ማለት አንድ ዕቃ ፕሮሰሰሩን «ሥራህን አቁመህ ወደ እኔ ተመልከት» ብሎ የሚጠራበት መሥመር ነው። በጥንቱ አሠራር ቁጥሮቹ ከ0 እስከ 15 ብቻ ስለ ሆኑ መጋራት አይቀርም። ብዙዎች መጋራቱን ራሱን እንደ ጥፋት ይቆጥሩታል፤ በእኛ አስተያየት ይህ ስሕተት ነው። ፒሲአይ የሚባለው የካርድ መሰኪያ ሲሠራ ጀምሮ መጋራትን ይፈቅዳል። ጥፋቱ የሚመጣው ከተጋሪዎቹ የአንዱ ድራይቨር መልስ ለመስጠት ሲዘገይ ነው። ሦስት ቤተ ሰብ በአንድ በር ቢገባ ክፋት የለውም፤ አንዱ ደጃፉ ላይ ቆሞ ወሬ ከያዘ ግን የቀሩት ውጭ ይቀራሉ። የኔትወርክ ካርዱን ለጊዜው አጠፋነው፤ የፋየርዋየሩንም ካርድ ነቅለን በሌላ መሰኪያ ብንሰካው ቁጥሩ ተለወጠ።

መሰባበሩ ቀነሰ እንጂ አልቆመም። ሁለተኛው መንሥኤ በሃርድ ዲስኩ በኩል ነበረ። ዲስኩ በደኅናው ጊዜ ዲኤምኤ በሚባለው መንገድ መረጃውን በቀጥታ ወደ ሚሞሪ ያደርሳል። ዊንዶውስ ኤክስፒ ግን ስሕተት ሲደጋገምበት ፍጥነቱን ደረጃ በደረጃ ይቀንስና በመጨረሻ ፒአይኦ ወደሚባለው ያወርደዋል፤ ያን ጊዜ መረጃውን ሁሉ ፕሮሰሰሩ ራሱ ይሸከማል። ይህን ሲያደርግ ለተጠቃሚው አንድ ቃል አይነግርም፤ እጅግ የሚያናድድ አሠራር ነው። የስሕተቱ ምንጭ ታጥፎ የተጎዳ የዲስኩ ጠፍጣፋ ገመድ ሆነ። እርሱን ለውጠን፣ የዲስኩን ቻነል ከዝርዝሩ ሰርዘን ኮምፒዩተሩን ብናስነሣው ዲኤምኤው ተመለሰ፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ያለ እንከን ወረደ።

ዘመድ ከአውሮፓ በላከው ካሜራ ደግሞ ሌላ ነገር ያጋጥማል። ኮምፒዩተሩ ካሜራውን ያያል፣ ካሴቱንም ያስኬዳል፤ ካሜራው ግን አልቀርጽም ይላል። በአውሮፓ የጉምሩክ ደንብ ከውጭ በገመድ ተቀብሎ የሚቀርጽ ካሜራ እንደ ቪዲዮ መቅረጫ ተቆጥሮ ከፍ ያለ ቀረጥ ይጣልበት ስለ ነበረ፣ ፋብሪካዎች ለዚያ ገበያ በሠሩት ብዙ ካሜራ ላይ መቀበያውን ዘግተውታል። እዚህ ላይ ካርድ መንቀልና መሰካት ከንቱ ድካም ነው።

ካሜራው እንቢ ያለን ሁሉ ግን በዚህ ምክንያት አልነበረም። በዚያው በሾላው ቤት የመጨረሻውን ሙከራ ስንጀምር ካሜራው አልቀርጽም አለ፤ ሌላ የካርድ ግጭት መስሎን ግማሽ ሰዓት ያህል ኮምፒዩተሩን በረበርነው። ኋላ ካሴቱን ብናወጣው ባዶው አልነበረም፤ ከቀረጻ የመጣው ዋናው ነበር። የሙሽራዪቱ አያት ምርቃት ያለው በእርሱ ላይ ነው፤ እርሳቸውም ከሠርጉ በኋላ ብዙ ሳይቆዩ ዐርፈዋል፤ ሌላ ቅጂም አልነበረውም። በካሴቱ ጀርባ ያለችውን ትንሽ መዝጊያ ወደ መከላከያው በኩል የገፋት ቪዲዮ ቀራጩ ነበር፣ በሠርጉ ዕለት ማታ።