ለአከራዩ ብለን የምንገዛው ወረቀት

ባለፈው መጋቢት አንድ ወዳጄ ስልክ ደውሎ፣ «ላያቢሊቲ የሚሉት ነገር አለኝ እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ እንጀራና ባልትና የሚሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለችው። ከከፈታት አራት ዓመት ሆኖታል። ሲደውልልኝ በእጁ የጠበቃ ደብዳቤ ይዞ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥር ላይ በረዶ በጣለበት ቀን አንዲት ደንበኛ ስትገባ በሩ ሥር የተጠራቀመው ውኃ አንሸራትቶ ጣላት፤ የእጇ አንጓ ተሰበረ። ወዳጄ ወንበር ሰጥቶ፣ ውኃ አጠጥቶ፣ ታክሲ ጠርቶ ላካት። በማግስቱም ደውሎ ጠየቃት። በዚያ ያለቀ መስሎት ነበር፤ ከሁለት ወር በኋላ ደብዳቤው መጣ።

ያናደደው ክሱ ብቻ አይደለም። «የአገሬ ልጅ እንዴት ትከሰኛለች?» ይላል። እኔ ግን ሴትየዋ ላይ አልፈርድም። ከሥራ የቀረችባቸው ሳምንታት አሉ፣ የሆስፒታል ሂሳብ አለ። እሷ ብትተወው እንኳ ያሳከማት የጤና መድን ድርጅት የከፈለውን ከጥፋተኛው የማስመለስ መብት ሊኖረው ይችላል። እዚህ አገር ሽምግልና የማይገባበት በር ብዙ ነው።

ደግነቱ ኢንሹራንሱ ነበረው። አከራዩ ውል ሲፈራረሙ፣ «ለእያንዳንዱ አደጋ የ1 ሚሊዮን ዶላር ሽፋን ያለው ሰርተፊኬት አምጣ፣ የእኔም ስም ይግባበት» ስላለው ገዝቷል። ከዚያ ሳያነበው ፋይል ውስጥ ከተተው። ብዙዎቻችን የምናደርገው ይሄንኑ ነው፤ ወረቀቱን የአከራዩ ጉዳይ አድርገን እናየዋለን።

አገር ቤት መኪና የነዳ ሁሉ «ሦስተኛ ወገን» የሚለውን ያውቃል። ላያቢሊቲ የሱቅና የቢሮ ሦስተኛ ወገን ነው፤ የሚከፍለው ለእኛ ሳይሆን በእኛ ምክንያት ለተጎዳው ሰው ነው። በእኔ ግምት ግን ከካሳውም በላይ የሚጠቅመው ጠበቃ ስለሚያቆምልን ነው። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ እንዲህ ባለው የመውደቅ ክስ ከሳሹ ራሱ በጥቂቱም ቢሆን ለአደጋው ምክንያት ከሆነ ካሳ ሊከለከል የሚችልበት የቆየ ሕግ አለ። ለባለሱቅ የሚያደላ ሕግ ነው። ይህንን ፍርድ ቤት ቆሞ የሚከራከር ጠበቃ ግን በሰዓት ነው የሚያስከፍለው፤ ክሱን አሸንፎም የጠበቃው ሂሳብ ሱቁን ሊያዘጋ ይችላል። ኢንሹራንሱ ይህንን ወጪ ይሸከማል፤ ሆኖም አደጋው እንደደረሰ እንዲነገረው ይፈልጋል። እኔን ያስፈራኝ ወዳጄ ሁለት ወር ሙሉ ዝም ማለቱ ነው።

«እኔ እኮ ኤልኤልሲ ነኝ» የሚል መልስ በተደጋጋሚ እሰማለሁ። ኤልኤልሲ መኖሪያ ቤታችንንና የግል ገንዘባችንን ከድርጅቱ ዕዳ ለመጠበቅ ይረዳል። የሱቁን ዕቃና የሱቁን የባንክ ሂሳብ ግን አያድንም። ባለቤቱ በገዛ እጁ ባጠፋው ጥፋትም በግሉ ሊጠየቅ ይችላል።

የራስን ንብረት የሚሸፍነው ክፍል ለትንንሽ ንግዶች ብዙ ጊዜ ከላያቢሊቲው ጋር ባንድ ጥቅል ይሸጣል፤ «ቢኦፒ» ይሉታል። እዚህ ላይ አረቦን ይቀንስልን ብለን የዕቃውን ዋጋ አሳንሰን እንናገራለን። ይሄ ነው ጉድ የሚሠራን። ብዙ ውሎች ንብረቱ ቢያንስ በዋጋው 80 በመቶ እንዲመዘገብ ይጠይቃሉ። 200,000 ዶላር የሚያወጣ ማቀዝቀዣ፣ ምጣድና ሸቀጥ ያለው ሰው 160,000 ማስመዝገብ ሲገባው 80,000 ብሎ አስመዘገበ እንበል። የ40,000 ዶላር ቃጠሎ ቢደርስበት የሚሰላለት ግማሹ፣ 20,000 ብቻ ነው። ከዚያም ላይ ዲዳክቲብሉ ይቀነሳል። «ጉዳቱ ካስመዘገብኩት በታች አይደለም ወይ?» ቢል የሚሰማው የለም።

በ2020 ምግብ ቤቶች በኮቪድ ሲዘጉ፣ ሥራ ሲቋረጥ የሚከፍል ሽፋን አለን ያሉ ብዙ ባለቤቶች ባዶ እጃቸውን ቀርተዋል። ውሉ የሚለው ንብረት በአካል ሲጎዳ ነው፤ ብዙዎቹ ውሎች ደግሞ ቫይረስን ለይተው አስቀርተውታል። የጎርፍ ጉዳትም እንደዚሁ በተለመደው ውል ውስጥ የለም፤ ለብቻው ነው የሚገዛው።

ሱቅ ሳይሆን ቢሮ ያለን፣ ታክስ የምንሠራ፣ ሶፍትዌር የምንጽፍ፣ የምናማክርስ? በሥራችን ስህተት ደንበኛ ገንዘብ ቢያጣ ተራው ላያቢሊቲ አይመለከተውም፤ የሙያ ተጠያቂነት የሚባለው ሌላ ነው። ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ ቢሮ የከፈተም የቤት ኢንሹራንሱ ለንግድ ሥራ የሚሰጠው ሽፋን እጅግ ጠባብ መሆኑን ይወቅ። የሠራተኛ ጉዳት ደግሞ የራሱ መድን አለው፤ ሜሪላንድና ዲሲ ከአንድ ሠራተኛ፣ ቨርጂኒያ ከሦስት ሠራተኛ ጀምሮ በሕግ ያስገድዳሉ። «የምታግዘኝ የአክስቴ ልጅ ናት» የሚለው አያስኬድም።

ዕድራችን ለቅሶ ላይ ይደርሳል። ጎፈንድሚም ለሕክምናና ለአስከሬን መሸኛ ይዋጣል። ለክስ የሚያዋጣ ዕድር ግን እስካሁን አላየሁም።

የወዳጄ ኢንሹራንስ ማስታወቂያው ዘገየ ብሎ ካጉረመረመ በኋላ ጉዳዩን ተቀብሎ ጠበቃ መድቦለታል፤ ክርክሩ ገና አላለቀም። በዚያው የውሉን የመጀመሪያ ገጽ ፎቶ አንስቶ እንዲልክልኝ ነገርኩት። የሥራው ዓይነት «ግሮሰሪ» ይላል። አምና ሦስት ጠረጴዛ አስገብቶ ቡናና ምሳ መሸጥ መጀመሩን ለማንም አልነገረም። ሰኞ ጠዋት ደውሎ አስተካከለ፤ አረቦኑ በትንሹ ጨመረ። በሩ ላይም ወፍራም የእግር መጥረጊያ አንጥፏል። ሴትየዋ እንጀራ የምትገዛው አሁን ከሌላ ሱቅ ነው።